የጋሼ ላፕቶፕ፦ 128 ጊጋ ኤስኤስዲ ላይ ቦታ ፍለጋ

ቅዳሜ ጠዋት

ላፕቶፑ የጎረቤቴ የጋሼ ነው። ጋሼ ጡረታ ከወጡ በኋላ ለሰፈሩ ሱቆችና ለጥቂት አስመጪዎች ሂሳብ ይሠራሉ። ሥራቸው በሙሉ ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ባለ 500 ጊጋውን ሃርድ ዲስክ አስወጥተው 128 ጊጋ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) አስገቡበት፤ ያኔ ማሽኑ እንደ አዲስ ተነሣ። አሁን ሲ ድራይቭ (ዊንዶውስና ፋይሎቻቸው ያሉበት ዋናው የዲስኩ ክፍል) ሞልቶ ቀልቷል። ፒችትሪን ባክአፕ ያዝ ሲሉት ቦታ የለኝም ይላቸዋል። የወሩ የቫት ማስታወቂያ ደግሞ ደርሷል።

«ፎርማት አድርግልኝና እንገላገል» አሉ።

«ይቆዩ ጋሼ፣ መጀመሪያ ምን እንደበላው እንይ።»

ፎርማትን የምጠላው በስንፍና አይደለም። ምን እንደሞላው ሳይታወቅ ፎርማት የተደረገ ዲስክ ተመልሶ ይሞላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ፒችትሪን ከነፈቃዱና ከነዳታቤዙ እንደገና መጫን ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

የቁጥሩን ነገር ላስቀድም፣ ጋሼም ጠይቀውኛልና። ሲገዙት 128 የተባለውን ዊንዶውስ 119 ይለዋል። ማንም አልሰረቃቸውም። አምራቹ አንድ ጊጋን 1,000,000,000 ባይት ብሎ ይቆጥራል፤ ዊንዶውስ በ1,073,741,824 ያካፍላል። ልዩነቱ ይኸው ነው። ከዚያ ላይ ለማስነሻና ለሪከቨሪ የተቆረሰው ሲቀነስ ለሲ 118 ይቀራል። ባዶው 1.8 ጊጋ ነው።

ምንም ከመንካቴ በፊት ፒችትሪን ዘግቼ የድርጅቶቹን ፎልደር እንዳለ ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ። የፋይሎቹን ቁጥርና መጠን አመሳከርኩ። እኩል ነው። አሁን እጄን ማስገባት እችላለሁ።

ቅዳሜ፣ ትንሽ ቆይቶ

የዲስኩን ጤና ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባል መመርመሪያ ፕሮግራም አየሁት። ጤና 91 በመቶ፣ እስከ ዛሬ የተጻፈበት 18 ቴራ ገደማ። ጥሩ ነው። ይህን ማየት ቀዳሚ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ የቦታ ጽዳት ከንቱ ነው፤ ሥራው ዳታ ማውጣት ይሆናል።

ፍጥነቱን ደግሞ አንድ ጊጋ የሚያህል ቪዲዮ እዚያው ሲ ላይ በመገልበጥ ሞከርኩት። ሲጀምር በሰከንድ 300 ሜጋ አካባቢ ነበር። ጥቂት ሳይሄድ 20 ገደማ ላይ ወርዶ ተንፏቀቀ። ጋሼ «ቫይረስ ነው» ይላሉ። ቫይረስ አይደለም።

ኤስኤስዲ የሚጽፈው በትናንሽ ገጾች ነው፤ የሚያጠፋው ግን ብዙ ገጾችን በያዘ ብሎክ ነው። የተጻፈበት ገጽ ላይ ደርቦ መጻፍ አይችልም። ስለዚህ ንጹሕ ብሎክ ሲያጥረው፣ በአንዱ ብሎክ ውስጥ ያሉትን የሚፈለጉ ገጾች ወደ ሌላ ያዛውራል፣ ብሎኩን ያጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ነው የእርስዎን ፋይል የሚጽፈው። አንድ ነገር ለመጻፍ ሌላም አብሮ ይጽፋል። ርካሽ ዲስክ ላይ ሌላም ነገር አለ። ብዙዎቹ የባዶ ቦታቸውን የተወሰነ ክፍል እንደ ፈጣን ጊዜያዊ ማረፊያ ይጠቀሙበታል። ባዶ ቦታ ሲጠብ ማረፊያውም አብሮ ይጠባል። ያ 300 ወደ 20 የወረደው ለዚህ ይመስለኛል። ሲጸዳ መልሼ እሞክረዋለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት

ለጊዜው ቆጠራ ብቻ ነው። እስካሁን ምንም አላጠፋሁም።

ፎልደር በፎልደር ፕሮፐርቲስ እየከፈቱ መደመር ጊዜ ማባከን ነው፣ ቁጥሩም አይታመንም። የትኛው ፎልደር ምን ያህል ቦታ እንደያዘ የሚያሳይ ዊዝትሪ የሚባል ፕሮግራም ተጠቀምኩ። የዲስኩን የፋይል መዝገብ በቀጥታ ስለሚያነብ በሰከንዶች ውስጥ ይጨርሳል። በአድሚን መክፈት ግን ግድ ነው፤ አለበለዚያ ዊንዶውስ የሚደብቃቸውን ፎልደሮች ባዶ አድርጎ ያሳያል።

የዊንዶውስ ፎልደር 24 ጊጋ። የተጫኑ ፕሮግራሞች 9፣ ፕሮግራም ዳታ 4። ፔጅፋይል (ራም ሲጠብ ዊንዶውስ ዲስክ ላይ የሚደግፍበት ፋይል) 6። ሃይበርፊል (ላፕቶፑ ሃይበርኔት ሲያደርግ የተከፈተውን ሁሉ የሚያስቀምጥበት ፋይል) 3.2። የሪስቶር ነጥቦች (ችግር ሲመጣ ዊንዶውስን ወደ ቀድሞ ሁኔታው መመለሻ) የሚቀመጡበት ሥርዓታዊ ፎልደር 6። ዊንዶውስ ለማሻሻያ ብሎ አስቀድሞ የያዘው ቦታም 6 ገደማ።

ቀሪው 58 ጊጋ የጋሼ የራሳቸው ፎልደር ነው።

ላሳያቸው ላፕቶፑን አዞርኩ። ባለቀለሙ ሥዕል ላይ ግማሽ የሚያህለው አንድ ቀለም ነው። «ይሄ ሁሉ የኔ ነው?» አሉ። አዎ ጋሼ። ዊንዶውስ ሲወቀስ ከርሞ ነው እንጂ።

በዝርዝሩ የፒችትሪ ባክአፖች 19 ጊጋ ናቸው፤ መጨረሻቸው ፒ.ቲ.ቢ የሆኑ ፋይሎች፣ በየቀኑ አንድ፣ አንዳንድ ቀን ሦስት። ዳውንሎድ ውስጥ ያለው የቴሌግራም ፎልደር 14። ቴሌግራም ለብቻው በስውር የሚያከማቸው ሌላ 7። ክሮም 3፣ ጊዜያዊ ፋይሎች 2 ገደማ። የቀረው ፎቶ፣ ስካን የተደረገ ደረሰኝና ልዩ ልዩ ነው።

እዚህ ላይ ቆሜ አስብ ነበር። ኢንተርኔት ላይ «ሲ ድራይቭ ሲሞላ» ብሎ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው ምክር ሁሉ የሲስተም ፋይሎችን ስለማጥፋት ነው። ሃይበርኔሽን አጥፋ፣ ፔጅፋይል አጥፋ፣ ይሄን ፎልደር ሰርዝ። እነዚህ ሁለቱ ቢጠፉ 9 ጊጋ ነው። ባክአፖቹ ብቻቸውን 19 ናቸው። እንግዲህ ከየት እንደሚጀመር ግልጽ ነው።

ቅዳሜ ማታ

ባክአፖቹ።

የጋሼ አሮጌ ባለ 500 ሃርድ ዲስክ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ተገኘ። በዩኤስቢ የሚሰካ ማቀፊያ ገዝተን አስገባነው። በዝግታ ይሠራል፣ ግን ጤናማ ነው። ለድሮ ማኅደር እንዲያውም ከኤስኤስዲ እሱን እመርጣለሁ። ኤስኤስዲ ዳታ የሚይዘው በኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ ሳይሰካ ዓመታት ከተቀመጠ ቻርጁ ሊመናመን ይችላል። ቁም ሳጥን ውስጥ ለሚከርም ነገር ሃርድ ዲስክ ይሻላል።

ደግሞም ባክአፕን ከዋናው ዳታ ጋር አንድ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ባክአፕ አይባልም። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ትንሽ ከፋቸው። «በየቀኑ እይዛለሁ እኮ!» ይይዛሉ፣ እውነት ነው። ዲስኩ ቢሞት ግን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

የፋይሎቹ ስም ራሱ ታሪክ ነው። «ሰኔ መዝጊያ»፣ «ሰኔ መዝጊያ የታረመ»፣ «ሰኔ የመጨረሻ»፣ «ሰኔ የመጨረሻ ይሄኛው»። የትኛው ይሄኛው እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም። ስለዚህ አልመረጥንም። ሁሉንም በዓመት በዓመት ፎልደር ከፍለን ገለበጥን።

ከመሰረዝ በፊት አንድ ሙከራ አደረግን። ከውጭው ዲስክ አንድ የድሮ ባክአፕ መርጠን በፒችትሪ ሪስቶር አልነው። እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሪስቶር ሲደረግ «በነባሩ ድርጅት ላይ» እና «እንደ አዲስ ድርጅት» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች አሉ። በነባሩ ላይ ከተባለ የዛሬውን ሂሳብ በድሮው ይተካዋል። አዲስ አልነው። ተከፈተ። ጋሼ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው የአንዱን ሱቅ የዓመት መዝጊያ ሚዛን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ሳንቲሙ ሳይቀር ገጠመ። የሙከራውን ድርጅት አጠፋን፣ ከሲ ላይ 17 ጊጋ ሰረዝን፣ የቅርብ ወራቱን 2 ጊጋ ተውን።

ሪሳይክል ቢን ማራገፍም አለ። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ «አጠፋሁ ግን ቦታው አልመጣም» የሚለው ቅሬታ ግማሹ ከዚሁ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ

ቴሌግራም። ሁለት ቦታ ነው የሚያስቀምጠው፣ ሁለቱም ለየብቻ ይታያሉ።

አንደኛው ዳውንሎድ ውስጥ ያለው ነው፤ ሰው አውርድ ብሎ ያወረደው። አንድ ባለ 40 ሜጋ ሰነድ በ1፣ በ2፣ በ3 ቅጥያ አራት ጊዜ ወርዷል፤ ጋሼ የት እንደገባ ሲጠፋባቸው ደግመው ስለሚያወርዱት። ስብከቶችና የሠርግ ቪዲዮዎች አሉ። የሚፈለጉትን እሳቸው መረጡ፣ ወደ ውጭው ዲስክ ሄዱ። 11 ጊጋ ተለቀቀ።

ሁለተኛው መሸጎጫው ነው። ቻት ውስጥ ያለፈ ፎቶና ቪዲዮ ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። ፎልደሩን በእጅ ማጥፋት አያስፈልግም፣ አልመክርምም፤ የመግቢያው መረጃም እዚያው አካባቢ ስላለ ከአካውንት ሊያስወጣ ይችላል። በራሱ ሴቲንግ፣ አድቫንስድ ውስጥ የሎካል ስቶሬጅ ማስተዳደሪያ አለ። የጠቅላላ መጠን ገደቡን ወደ 2 ጊጋ ዝቅ አደረግኩት። 5 ጊጋ ተመለሰ። ዋናው ቅጂ ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስላለ ከቻቱ የጠፋ ነገር የለም። ግን መልሶ ሲከፈት እንደገና ይወርዳል፣ ያ ደግሞ ፓኬጅ ይበላል። ገደቡን ዜሮ አካባቢ ያላወረድኩት ለዚህ ነው። አውቶማቲክ ዳውንሎድንም ለግሩፕና ለቻናል ዘጋሁት።

እሁድ ከሰዓት

አሁን ወደ ሲስተም ፋይሎች። ይህ ክፍል ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት።

መጀመሪያ ዊን-ኤስ-ኤክስ-ኤስ፣ ዊንዶውስ የራሱን ክፍሎችና ማሻሻያዎች የሚያከማችበት ፎልደር። በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ትልቁ እሱ ነው፣ 9.8 ጊጋ ይላል። ብዙ ሰው እሱን አይቶ ይደነግጣል። ግን አንድ ፋይል በሁለት ቦታ በሁለት ስም ሊመዘገብ ይችላል፣ ዲስኩ ላይ ያለው አንድ ሆኖ ሳለ። ዊንዶውስ ራሱ የሚሠራባቸው ፋይሎች አብዛኞቹ እዚህ እንዲህ ናቸው። በጥቁሩ የኮማንድ መስኮት፣ በአድሚን፣ የዲስምን (የዊንዶውስ የራሱ የጥገና መሣሪያ) የመመርመሪያ ትእዛዝ ስሰጠው እውነቱን ዘረዘረው። 5.9 ጊጋው ከዊንዶውስ ጋር የጋራ ነው። የተለየ ቦታ የያዘው 3.6 ብቻ፣ የድሮ ማሻሻያዎች ቅሪት። ማጽዳት ይመከራል ወይ ለሚለው «አዎ» አለ።

በዚያው በዲስም የማጽጃ ትእዛዙን ሰጠሁት። 20 በመቶ ላይ ደርሶ ቆመ። ሁልጊዜም እዚያ አካባቢ ይቆማል፤ የሞተ ይመስላል እንጂ እየሠራ ነው። ቡና ተፈላ፣ ተጠጣ፣ አለቀ። 1.9 ጊጋ መለሰ። ሪሴትቤዝ የሚባል ጠንከር ያለ አማራጭም አለ። እሱን ተውኩት። እሱ ከተሠራ በኋላ የተጫነ ማሻሻያን መልሶ ማውጣት አይቻልም፣ የጋሼ ፕሪንተር ደግሞ ከአንዳንድ ማሻሻያ ጋር መጣላት ይወዳል።

የዊን-ኤስ-ኤክስ-ኤስን ፎልደር በእጅ መሰረዝ ግን ጨርሶ አይሞከርም። ኢንስታለር የሚባለውም ፎልደር እንዲሁ ነው። የማያስፈልጉ የጭነት ፋይሎች ማከማቻ ይመስላል፤ ፕሮግራም ለማራገፍ፣ ለመጠገን ወይም ለማሻሻል ሲፈለግ ግን ዊንዶውስ የሚሄደው እዚያ ነው።

የሪስቶር ነጥቦች 6 ጊጋ ይዘው ነበር። ሙሉ በሙሉ አላጠፋኋቸውም። በሲስተም ፕሮቴክሽን ገደባቸውን 3 በመቶ አደረግኩት፣ 3.5 ጊጋ ገደማ ማለት ነው። የድሮዎቹ ራሳቸው ወጡ፣ የቅርቡ ቀረ። 2.5 ተገኘ።

ጊዜያዊ ፋይሎችን በዊንዶውስ ሴቲንግ፣ ስቶሬጅ በኩል። እዚህ ዝርዝር ውስጥ «ዳውንሎድስ» የሚል ሳጥን አብሮ ተሰልፏል። ሁሉንም ራይት እያደረገ የሚወርድ ሰው የሰው ደረሰኝ ይዞ ይሄዳል። እሱን ሳልነካ ሌላውን አጸዳሁ፣ 1.8። የወረደና ገና ያልተጫነ ማሻሻያ ካለ ደግሞ መጀመሪያ ይጫን። አጥፍቶ እንደገና ማውረድ በገዛ ገንዘብ መቀለድ ነው።

እሁድ ማታ

ሃይበርፊል። ክርክር የበዛበት ፋይል።

8 ጊጋ ራም አለው፣ ፋይሉ የራሙን 40 በመቶ ይይዛል፣ 3.2 ጊጋ። ማጥፋት ይቻላል፤ አንዲት መስመር ትእዛዝ ናት። መቀነስም ይቻላል። ሲቀነስ ግን የፈጣን መነሻው ብቻ ይቀራል እንጂ ሃይበርኔት ማድረግ አይቻልም።

መብራት በማይጠፋበት አገር ቢሆን አጠፋው ነበር። እዚህ ግን መብራት ሄዶ ባትሪው ሊያልቅ ሲል፣ የተከፈተውን ሁሉ ዲስክ ላይ አስቀምጦ የሚተኛው በዚህ ፋይል ነው። ለሂሳብ ሠራተኛ 3.2 ጊጋ ለዚህ ውድ አይደለም። ተውኩት። እንዲያውም የባትሪ ማለቂያ ላይ የሚወሰደውን እርምጃ ስመለከት «ሹት ዳውን» ላይ ነበር፣ ወደ ሃይበርኔት ቀየርኩት። ከዚያ ቻርጀሩን ነቅለን ባትሪው እስኪያልቅ ጠበቅን። ተኛ። መልሰን ሰክተን ስናስነሣው ጋሼ የጀመሩት ኢንቮይስ ጠቋሚው ያለበት መስመር ሳይቀየር መጣ። ባትሪው ጨርሶ የሞተ ላፕቶፕ ላይ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ መብራቱ ሲሄድ አብሮ ድርግም ስለሚል። እንደዚያ ከሆነ ሃይበርፊሉን ማጥፋት ያስኬዳል።

ፔጅፋይልም አልተነካም። «ኤስኤስዲውን ያረጀዋል» የሚል ወሬ አለ። የዊንዶውስ 7 መሐንዲሶች በ2009 እ.ኤ.አ. መዝግበው ያወጡት መረጃ፣ ከፔጅፋይል የሚነበበው ከሚጻፍበት 40 እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ ያሳያል። ኤስኤስዲን የሚያደክመው መጻፍ እንጂ ማንበብ አይደለም። በ8 ጊጋ ራም ክሮምን ከነሃያ ታቡ ከፒችትሪ ጋር የሚከፍት ሰው ፔጅፋይል አጥፍቶ የትም አይደርስም።

ለማሻሻያ የተያዘውም 6 ጊጋ ይቆይ። የዊንዶውስን ፋይሎች አጭቆ ቦታ የሚቆጥበው ኮምፓክት ኦኤስም አለ፣ ጥቂት ጊጋ ይመልሳል። 64 ጊጋ ዲስክ ቢሆን እሠራው ነበር። አሁን አያስፈልግም።

አንድ ሰው የጫነላቸው «ክሊነር» ፕሮግራም ግን ተነቀለ። ሬጅስትሪ (የዊንዶውስን የቅንብር መዝገብ) አጸዳለሁ እያለ በየቀኑ ብር ክፈሉኝ ይል ነበር። በየሳምንቱ ዲፍራግ (የተበታተነ ፋይልን መሰብሰብ) አድርጉም ተብለው ነበር፣ ያ የሃርድ ዲስክ ዘመን ምክር ነው። ኤስኤስዲ ፋይሉ ቢበታተንም የሚመላለስ ጭንቅላት የለውም፤ ትርፉ መጻፍ ብቻ ነው።

ሰኞ ማታ

ትሪም፣ ማለትም ዊንዶውስ የተሰረዘውን ቦታ ለኤስኤስዲው የሚያሳውቅበት ትእዛዝ፣ መሥራቱን ማረጋገጥ ቀርቶ ነበር። ዊንዶውስ ፋይል ሲሰርዝ ለዲስኩ «ይህን ቦታ አልፈልገውም» ብሎ ካልነገረው ዲስኩ ሊያውቅ አይችልም፤ ቆሻሻውን እንደ ንብረት እያዛወረ ይኖራል። በኤፍኤስዩቲል ትእዛዝ ይጠየቃል። ጥያቄው «የመሰረዝ ማሳወቂያ ተከልክሏል ወይ» ስለሆነ መልሱ ዜሮ ሲሆን ነው ደስ የሚለው። ዜሮ ነው። ከዚያ በዊንዶውስ የድራይቭ ማመቻቻ ኦፕቲማይዝ አልኩት፤ ኤስኤስዲ መሆኑን ስለሚያውቅ ትሪም ነው የሚልክለት።

ያንኑ ባለ አንድ ጊጋ ቪዲዮ መልሼ ገለበጥኩ። 300 አካባቢ ጀምሮ እስኪያልቅ አልወረደም።

ባዶ ቦታ አሁን 41 ጊጋ ነው። ከተገኘው 39 ውስጥ ከሲስተሙ የመጣው 6 ብቻ ነው፤ 33ቱ የጋሼ ነው። ከ118ቱ ሃያ ያህሉን ሁልጊዜ ባዶ ይተዉ ብያቸዋለሁ።

ስቶሬጅ ሴንስን (የዊንዶውስን ራስ-ሰር ጽዳት) ከፍቼ ጊዜያዊ ፋይልና ሪሳይክል ቢን በየወሩ እንዲያጸዳ አዘዝኩት፤ ዳውንሎድስን «በፍጹም» ላይ አድርጌ። የፒችትሪ ባክአፕ መድረሻም ከሲ ወደ ውጭው ዲስክ ተቀየረ።

ጋሼ «ዲስኩን ሁልጊዜ ሰክቼ ልተወው?» ብለው ጠየቁ። አይሆንም፤ ባክአፕ ሲይዙ ብቻ ይሰካ። ተሰክቶ የሚውል ዲስክ ላፕቶፑ ቫይረስ ቢገባበት አብሮ ይያዛል፣ ገመዱም በልጅ ልጆች እግር ይጎተታል። ዊንዶውስ 11 ይጫን ወይ የሚለውንም አንሥተዋል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ የሳቸው ፕሮሰሰር ስድስተኛ ትውልድ ነው፣ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛው ጀምሮ ነው። ስለዚህ እሱ የዲስክ ሳይሆን የላፕቶፕ ግዢ ጉዳይ ነው። የቫት ማስታወቂያው ይለፍና እንነጋገርበታለን።